የመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል የግል ኢሜይሌን ዘግቶብኛል፤ በምን አግባብ ልክፈተው?

ማለዳ (ጥያቄ አቅራቢ)
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት በግዥ ክፍል እሠራለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የአይቲ ክፍላችን አዲስ ፋየርዎል (የኔትዎርኩን ገቢና ወጪ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካስገባ ወዲህ ጂሜይልም ሆነ ያሁ ከቢሮ ኮምፒዩተሬ አልከፈት ብለውኛል። አድራሻውን ስጽፍ የሚመጣልኝ ገጹ «የኢሜይል አገልግሎት» በሚለው ምድብ ሥር በድርጅቱ መመሪያ መታገዱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። የጉግል ፍለጋና ካርታ ግን እንደ ወትሮው ይሠራሉ፤ የተዘጋው ፖስታው ብቻ ነው።

ጉዳዬ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር አመልክቼ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ተጨማሪ ሰነድ እንድልክ የሰጠኝ ጊዜ ሊያበቃ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው። ደብዳቤዎቹን በስልኬ አነባለሁ። ሆኖም ክፍላችን ምድር ቤት ስለሆነ የሞባይል ዳታ እምብዛም አይደርሰውም፤ ባለ ብዙ ገጽ ቅጽ በስልክ መሙላትና ስካን የተደረገ ትራንስክሪፕት ማያያዝም ከብዶኛል። ቤት ኮምፒዩተር የለኝም። እስከ አሁን የግል ጉዳዬን ስጨርስ የኖርኩት በምሳ ሰዓት በቢሮው ኮምፒዩተር ነበር።

አንድ ባልደረባዬ በብሮውዘሩ ላይ ነፃ ቪፒኤን (መስመሩን መስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ጭኖ ያለ ችግር እየተጠቀመ እንደሆነ ነግሮኛል። እኔ ግን ከመጫኔ በፊት ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች መስማት ፈለግሁ። ፋየርዎሉ የምከፍተውን ገጽ በምን ያውቃል? ኢሜይሌ ቢከፈትልኝስ የአይቲ ሰዎች ይዘቱን ማንበብ ይችላሉ? በቪፒኤን ማለፍስ ከሥራ የሚያስወጣ ጥፋት ነውን?

ገመድ ጠጋኝ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

እኅቴ፣ በኔትዎርክ አስተዳዳሪነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እርስዎን የከለከለውን ዓይነት ደንብም በገዛ እጄ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን ሆኖ የሚታየውን በግልጽ ልንገርዎ።

አንድ ገጽ ሲከፍቱ ኮምፒዩተርዎ በመጀመሪያ የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉምለትን ዲኤንኤስ ሰርቨር ይጠይቃል። ቢሮ ውስጥ ይህ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ የድርጅቱ ስለሆነ ጥያቄው ራሱ ይመዘገባል። ቀጥሎ ከጂሜይል ጋር የተመሰጠረ ግንኙነት ሲጀመር፣ ምስጠራው ገና ሳይጸና በሚላከው የመጀመሪያ መልእክት ውስጥ የሚፈለገው ሰርቨር ስም በግልጽ ተጽፎ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በአንድ የቁጥር አድራሻ ላይ ብዙ ድረ ገጾች ሊኖሩ ስለሚችሉ ሰርቨሩ የትኛውን ሰርተፊኬት (የገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰነድ) ማቅረብ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ፋየርዎሉ ይህን ስም አንብቦ አምራቹ በየጊዜው ከሚያድሰው የምድብ ዝርዝር ጋር ያመሳክረዋል። ለምሳሌ ፎርቲጌት በተባለው መሣሪያ ላይ ዌብሜይል (በብሮውዘር የሚከፈት ኢሜይል) ራሱን የቻለ ምድብ አለው፤ አስተዳዳሪው ያንን አንድ መስመር «ይታገድ» ካለ ጂሜይል፣ ያሁና አውትሉክ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። የጉግል ፍለጋና የጂሜይል ስሞች የተለያዩ በመሆናቸው አንዱ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ሆኖ መቅረቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሚታገድበትን ምክንያት ብዙ ሠራተኛ «ሥራ እንዳንፈታ ነው» ብሎ ያስባል። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ዋናው ምክንያት ይህ አልነበረም። ወደ መሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የሚመጣ አባሪ በመግቢያው ላይ ተፈትሾ ነው የሚያልፈው፤ በግል ዌብሜይል የሚመጣ አባሪ ግን በተመሰጠረ መስመር ውስጥ ሆኖ ፍተሻውን ሳያይ በቀጥታ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር የነበሩት ጆን ፖዴስታ የግል ጂሜይላቸው የተዘረፈው ከጉግል የመጣ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ በሚመስል አንድ መልእክት ነው። ያንን መልእክት የከፈተው ሰው በዚያ ቅጽበት የማንኛውም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችል ነበር። አስተዳዳሪን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ደግሞ የድርጅት ሰነድ በአንድ አባሪ መውጣቱ ነው፤ እርስዎ ያሉበት የግዥ ክፍል የጨረታ ዋጋ የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ ይህ ስጋት በእናንተ ላይ ይበልጥ ይጠነክራል።

«ማንበብ ይችላሉ ወይ» ለሚለው መልሱ እንደ ፋየርዎሉ አሠራር ይለያያል፤ ወደ እርሱ ማታ እመለሳለሁ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ እርሱ ነውና።

ነፃ መስመር
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ እገዳውን ተገቢ በሚያስመስለው በኩል ግን አልስማማም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ወር ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገራችን ውስጥ ለአምስት ወር ያህል ተዘግተው በቆዩበት ጊዜ ሥራችንንና ቤተሰባችንን ያገናኘን ቪፒኤን ነበር። ኢሜይል ለዜጋ የመገናኛ መብት ነው፤ ጠያቂዋም የመሥሪያ ቤቱን ሥራ አልበደሉም፤ የሚጠቀሙት በምሳ ሰዓታቸው ነው። ቪፒኤን ከታገደ ደግሞ በራስ ሰርቨር በኩል በ443 ቁጥር ፖርት (ድረ ገጾች በሚያልፉበት የበር ቁጥር) ማለፍ ይቻላል፤ ይህን ፖርት የሚዘጋ ቢሮ የለም፤ ቢዘጋው ድረ ገጽ የሚባል ነገር አይከፈትለትም። የትምህርት ዕድል በአንድ ደንብ ምክንያት ሊያመልጥ አይገባም።

ገመድ ጠጋኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ወንድሜ፣ በዚያ ጊዜ ቪፒኤን የጫንነው በገዛ ስልካችንና በገዛ ዳታችን ላይ ነበር። እኅታችን የጠየቁት ግን በሌላ ሰው ንብረትና በሌላ ሰው መስመር ላይ ስለሚደረግ ነገር ነው። ልዩነቱ የመብት ክርክር ብቻ አይደለም፤ የአሠራርም ልዩነት አለው፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ በአስተዳዳሪው እጅ ከሆነ መስመሩን መመስጠር የሚያመጣው ጥቅም የለም። በማሽኑ ላይ የተጫነ የክትትል ፕሮግራም ካለ የሚታየው መልእክቱ ከመመስጠሩ በፊት ነው።

443 ፖርት ክፍት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የዘመኑ ፋየርዎል የፖርት ቁጥር ብቻ አይቶ አያልፍም፤ በውስጡ የሚሄደው ነገር ተራ ድረ ገጽ ይሁን ሌላ ከአካሄዱ ይለያል። ባይለየው እንኳ አንድ የቢሮ ኮምፒዩተር ከአንድ የውጭ አድራሻ ጋር ለሰዓታት ሳይቋረጥ ሲነጋገር መዝገቡ ላይ ጎልቶ ይወጣል። እኔ መዝገብ ስመለከት መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው በእንዲህ ያለው መስመር ላይ ነው፤ ምክንያቱም መረጃ የሚሰርቅ ቫይረስም የሚመስለው ልክ እንደዚህ ነው። የአይቲ ክፍሉ እርስዎን እንደ ሠራተኛ ከማየቱ በፊት እንደ ተበከለ ማሽን ያይዎታል፤ ምርመራውም ከዚያ ይጀምራል።

ነፃ ቪፒኤን የሚባለውን በተመለከተ፣ በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ሆላ የተባለው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተጠቃሚ የነበረው ነፃ አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር ለሌሎች ደንበኞች መውጫ አድርጎ እየሸጠ መሆኑ ይፋ ወጥቶ ነበር። ይህ ማለት የማያውቁት ሰው የሠራው ነገር በእርስዎ አድራሻ ይመዘገባል ማለት ነው። ባልደረባዎ የጫነው የብሮውዘር ተጨማሪ ሲጫን ምን ፈቃድ እንደጠየቀ ይመልከትልዎ፤ አብዛኞቹ «በሚከፍቷቸው ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከቢሮው ለመሰወር ሲሉ ለማይታወቅ ሰው የግዥ ሥርዓቱን ገጽ ጭምር አሳልፎ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ፋየርዎሉ ስሙን ብቻ አይቶ የሚያግድ ከሆነ የሚያውቀው ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሄዱ፣ መቼና ምን ያህል ዳታ እንደተላለፈ ነው፤ የደብዳቤውን ይዘት አያይም። ሁለተኛው አሠራር ግን መስመሩን መካከል ላይ ፈትቶ፣ ፈትሾ፣ እንደገና መስጥሮ የሚያስተላልፍ ነው። ይህ እንዲሠራ ድርጅቱ ራሱን እንደ ታመነ ሰርተፊኬት ሰጪ የሚያስቆጥር ማረጋገጫ በእያንዳንዱ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ አስቀድሞ ይጭናል፤ ብሮውዘሩም ከጉግል ጋር የተገናኘ እየመሰለው ከፋየርዎሉ ጋር ይነጋገራል። በዚህ አሠራር የይለፍ ቃልዎም ቢሆን በፋየርዎሉ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ለቅጽበት በግልጽ ያልፋል።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ የተከለከለ ነገር መንካትም አይጠይቅም። ክፍት ወደ ሆነው የጉግል ፍለጋ ገጽ ይግቡ፤ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ይጫኑ። ድሮ የቁልፍ ሥዕል ነበር፤ ክሮም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሌላ ምልክት ተክቶታል። ከዚያ የግንኙነቱን ደኅንነት፣ ቀጥሎም ሰርተፊኬቱን ይክፈቱና የሰጪውን ስም ያንብቡ። «ጉግል ትረስት ሰርቪስስ» የሚል ከሆነ መስመሩ አልተፈታም። የድርጅትዎ ወይም የፋየርዎሉ አምራች ስም ካለበት እየተፈታ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት የተወሰኑ ምድቦችን ብቻ ስለሚፈታ በሁለት ሦስት ገጾች ላይ ይሞክሩት።

ሁለት አካውንት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ቢሮ ራሱ የጉግልን የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይጠቀማል፤ ስለዚህ የጂሜይል ገጽ ይከፈታል፤ በግል አካውንት ለመግባት ስንሞክር ግን አገልግሎቱ እንዳልተፈቀደ ይነግረናል። ጠይቄ እንደተረዳሁት ይህ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በብሮውዘሩ ላይ በተጫነ የአስተዳደር ደንብ፣ ወይ ደግሞ ፋየርዎሉ መስመሩን ፈትቶ የተፈቀደውን ድርጅት ስም በጥያቄው ላይ በማከል ነው። በሁለተኛው መንገድ ከሆነ መስመሩ ሳይፈታ አይሆንም። ስለዚህ የቢሮው ጂሜይል እየሠራ የግሉ ብቻ የሚከለከልበት ሠራተኛ ሰርተፊኬቱን ሊያይ ይገባዋል።

ጥላ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

በዌብሜይል ፋንታ ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው የአውትሉክ ፕሮግራም የግል ጂሜይልን ጨምሮ ማንበብ አይቻልም?

ገመድ ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡35

አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። እነዚህ ፕሮግራሞች ደብዳቤ የሚቀበሉት በ993 ወይም በ995፣ የሚልኩት ደግሞ በ465 ወይም በ587 ፖርት ሲሆን፣ ዌብሜይልን የዘጋ አስተዳዳሪ እነዚህን ክፍት አይተውም። ክፍት ቢሆኑ እንኳ የግል ፖስታዎ ሙሉ ቅጂ በቢሮው ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥራ ሲለቁም ማሽኑ ላይ ይቀራል። በተመሳሳይ ምክንያት የግል ደብዳቤ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤት ኢሜይል እንዲዞር ማድረግም አይበጅም።

ሰነድ ፈታሽ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳዮች ላይ እሠራለሁ። የምጽፈው አጠቃላይ ማብራሪያ እንጂ ለተለየ ጉዳይ የሚሰጥ ምክር አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ ደብዳቤንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን በስም ጠቅሶ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንና ግንኙነትን መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚያስተናግድ አካል ይህን የሚያደርግበት ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው፣ ዓላማውንም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪነቱንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ስለዚህ የሠራተኛን መስመር ፈትቶ የሚፈትሽ ድርጅት ይህን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት ብሎ ለመከራከር ጥሩ መሠረት አለ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ደንቡን ማለፍ እችላለሁ» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም። ኮምፒዩተሩም መስመሩም የአሠሪው ነው፤ አሠሪው በንብረቱ ላይ የትኛው አገልግሎት እንዲሠራ መወሰን ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ቪፒኤን መጫን በአዋጁ በስም አልተጠቀሰም፤ ሆኖም በተግባር ክርክሩ የሚዞረው በውስጥ ደንቡ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ላይ ነው። ሠራተኛው የፈረመው የኮምፒዩተር አጠቃቀም ደንብ «የደኅንነት ቁጥጥርን ማለፍ ከባድ ጥፋት ነው» የሚል ከሆነ ነገሩ ይከብደዋል። ብዙ ሰው ሲቀጠር ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ፈርሞት የረሳው አንድ ገጽ አለ። ጠያቂዋ በመጀመሪያ ያንን ገጽ ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቀው ያንብቡት። የባልደረባዎ እስከ ዛሬ አለመጠየቅም መከላከያ እንደማይሆን ይወቁልኝ፤ መዝገቡ ከሆነ ይቆያል።

ከሜሪላንድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እዚህ አሜሪካ በዚሁ ጉዳይ ላይ ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ የኒው ጀርዚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የተሰጠው። ስቴንጋርት የተባለች ሠራተኛ ከአሠሪዋ ጋር ክስ ከመጀመሯ በፊት በድርጅቱ ላፕቶፕ በግል ያሁ ኢሜይሏ ከጠበቃዋ ጋር ተጻጽፋ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል አልተጠቀመችም፤ የይለፍ ቃሏንም በላፕቶፑ ላይ አላስቀመጠችም። ሆኖም ብሮውዘሩ የከፈተቻቸውን ገጾች ቅጂ በራሱ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለነበር፣ ሥራ ለቃ ላፕቶፑን ከመለሰች በኋላ የድርጅቱ ባለሙያዎች ዲስኩን ሲመረምሩ ደብዳቤዎቹን አገኟቸው፤ የድርጅቱ ጠበቆችም አነበቧቸው። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ለእርሷ ፈረደ፤ ከጠበቃዋ ጋር የተለዋወጠችው መልእክት ምስጢርነቱን አላጣም አለ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት የፍርዱን መልካምነት ብቻ አይደለም። ውሳኔው ሲመጣ ደብዳቤዎቹ ከተነበቡ ቆይተው ነበር። እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን በሥራ ቦታ ኮምፒዩተር የኢሚግሬሽን ጠበቃ ደብዳቤና የግብር ሰነድ እንከፍታለን፤ ከላይ የተነገረው የሰርተፊኬት ምርመራ ለእኛም ያስፈልገናል።

ሮተርዳም
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

በአውሮፓ በኩል ደግሞ የሚጠቀሰው የሩማንያው የባርቡሌስኩ ጉዳይ ነው። አሠሪው ለደንበኞች ጥያቄ መመለሻ እንዲሆን ያስከፈተውን የያሁ ሜሴንጀር አካውንት ተከታትሎ፣ ሠራተኛው ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተለዋወጠውን ጭምር አትሞ አቀረበበት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. አሰናበተው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት መስከረም 5 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በ11 ለ6 ድምፅ የግል ሕይወቱ በቂ ጥበቃ አላገኘም ሲል ወሰነ። ክብደት የተሰጠው ነጥብ አሠሪው መከልከሉ አልነበረም፤ ክትትሉ መኖሩንና እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ፣ ይዘት የሚያነብ መሆኑንም አስቀድሞ ለሠራተኛው አለመነገሩ ነበር። ጠያቂዋ ለአይቲ ክፍሉ ሲጽፉ «ትከታተላላችሁ ወይ» ብቻ ሳይሆን «እስከ ምን ድረስ» ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለኛል።

ከደሴ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

የእኛ ችግር ከሁሉም የተለየ ስለሆነ መጻፍ ፈለግሁ። በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። የጽሕፈት ቤታችን ይፋዊ ኢሜይል ከተከፈተ ብዙ ዓመት የሆነው የጂሜይል አድራሻ ነው፤ በደብዳቤያችን ራስጌ ላይ የታተመውም እርሱ ነው። ከወረዳዎች የሚመጣው ሪፖርት፣ ከበላይ የሚወርደው ሰርኩላር፣ ሁሉም በዚያ ያልፋል። አንድ ቀን ጠዋት ከላይ በመጣ አሠራር ዌብሜይል ሲታገድ «የግል» ተብሎ የተዘጋው የእኛ ሥራ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሪፖርት የምንቀበለው በሠራተኞች ስልክ በቴሌግራም ሆነ፤ የሰዎች ስምና የመታወቂያ ቁጥር ያለባቸው ዝርዝሮች በየግላችን ስልክ ላይ ተበተኑ፤ ዛሬም እዚያው እንዳሉ እገምታለሁ።

እገዳውን ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን ከመዝጋታቸው በፊት ማን በምን እንደሚሠራ አልጠየቁም። በደብዳቤ ካመለከትን በኋላ በመዝገብ ቤት ያለ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ እንዲከፈትለት ተፈቀደ፤ አካውንቱም በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዲጠበቅና ማን መቼ እንደገባ በመዝገብ እንዲያዝ ተደረገ። እስከዚያ ድረስ የይለፍ ቃሉን ሰባት ሰው ያውቀው እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው፤ ከሰባቱ ሁለቱ ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቀው ነበር። ወደ ራሳችን ይፋዊ የኢሜይል አድራሻ መሸጋገር እንዳለብን ሁላችንም እናምናለን፤ ጥያቄውም ቀርቧል።

ማለዳ (ጥያቄ አቅራቢ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በምሳ ሰዓት የተባለውን ምርመራ አደረግሁ። በጉግል ፍለጋ ገጽ ላይ የሰርተፊኬቱ ሰጪ ሆኖ ያገኘሁት የድርጅታችንን ስም ነው። በአንድ ጋዜጣ ገጽ ላይም እንደዚሁ ነው። በባንኬ ገጽ ላይ ግን የውጭ ሰጪ ስም አለ፤ እርሱ ሳይፈታ ይታለፋል ማለት ነው። ይህን ሳይ የተሰማኝን ለመግለጽ ይከብደኛል። ቪፒኤኑን ጭኜ ቢሆን ኖሮ መሰወሬን አምኜ ሁሉን ነገር በዚያ ማሽን ላይ እከፍት ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ። በብሮውዘሩ ላይ በግል የጉግል አካውንቴ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ስለዚህ በስልኬ ያስቀመጥኳቸው የይለፍ ቃሎች ሁሉ፣ የእናቴን የሕክምና ቀጠሮ የምከታተልበት ጭምር፣ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይም ተዘርዝረው ይታያሉ። ከዚያ ወጥቻለሁ፤ በማሽኑ ላይ የተቀመጠውንም አጥፍቻለሁ። ዛሬ ማታ ከስልኬ የይለፍ ቃሌን ቀይሬ ሁለተኛ ማረጋገጫ አድርጌበታለሁ።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የስልኬን ሆትስፖት ከቢሮው ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቼ ብጠቀምስ? ዳታው የራሴ ነው፤ ፋየርዎሉንም አልነካም።

ገመድ ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

እኅቴ፣ ይህንን እንዳያደርጉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በብዙ ቢሮ ኔትዎርክ ሲደክም በዶንግል ወይም በሆትስፖት የመሥራት ልማድ ስላለ ንጹሕ ነገር ይመስላል፤ ከቪፒኤኑ ግን አይሻልም። ኮምፒዩተሩ በገመድ ከውስጥ ኔትዎርክ፣ በዋይፋይ ደግሞ ከውጭ ኢንተርኔት ጋር በአንድ ጊዜ ሲያያዝ በፋየርዎሉ ጎን የተከፈተ በር ይሆናል፤ ከውጭ በኩል የገባ ነገር ወደ ሰርቨሮቹ የሚያልፍበት መንገድ ያገኛል። ገመዱን ቢነቅሉት እንኳ ያለ ጥበቃ ውጭ የዋለ ማሽን ማታ ተመልሶ ከውስጥ ይያያዛል። ስልኩን ለስልክነቱ ይጠቀሙበት፤ የቢሮውን ማሽን አያያይዙት።

ሰነዱን በስልክ ማዘጋጀት ከባድ መስሎ ቢታይም ጉግል ድራይቭ ውስጥ ያለው የስካን መሣሪያ በካሜራ ያነሷቸውን ገጾች ቀጥ አድርጎ በአንድ ፒዲኤፍ ያስተሳስርልዎታል። ቅጹን ለመሙላት ግን ኮምፒዩተር እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ለዚህ ደብዳቤ ይጻፉ። ለአይቲ ክፍሉ ሲጽፉ መፍትሔ ይዘው ይቅረቡ እንጂ እገዳው እንዲነሣ ብቻ አይጠይቁ። እኔ ራሴ «ጂሜይል ይከፈትልኝ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣልኝ መልሴ አጭር ነበር፤ «ከውስጥ ኔትዎርክ የተለየ አንድ ማሽን በምሳ ሰዓት ይመደብልን» የሚል ሲመጣ ግን በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። የእንግዳ ዋይፋይ ያለው ድርጅት መስመሩን ከውስጡ ለይቶ ስላስቀመጠ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር እዚያ ላይ ማያያዝ ብቻ ይበቃዋል። ፋየርዎሉም ቢሆን አንድን ምድብ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የመፍቀድ ችሎታ አለው።

ማለዳ (ጥያቄ አቅራቢ)
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

የሚከተለውን ጽፌ ለክፍል ኃላፊዬ ሰጥቻለሁ፤ የጎደለው ካለ ንገሩኝ።

«ለአይቲ ክፍል፤ በአዲሱ አሠራር የግል ኢሜይል አገልግሎት መታገዱን ተረድቻለሁ፤ ምክንያቱንም እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ በሥራ ሰዓት ልንደርስባቸው የማንችል አስቸኳይ የግል ጉዳዮች ያሉን ሠራተኞች ስላለን፣ ከድርጅቱ የውስጥ ኔትዎርክ ጋር የማይገናኝ አንድ ኮምፒዩተር በእንግዳ መስመር ላይ ተያይዞ በምሳ ሰዓት እንድንገለገልበት እንዲፈቀድልን እጠይቃለሁ። በተጨማሪም በቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚደረገው ፍተሻ የትኞቹን ምድቦች እንደሚያካትት፣ የሚመዘገበው መረጃ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ማን ሊያየው እንደሚችል በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት አመለክታለሁ።»

ሰነድ ፈታሽ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

መልካም ደብዳቤ ነው። የተቀባይ ፊርማና ቀን ያለበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር። ለሰው ኃይል ክፍልም ግልባጭ ያድርጉ፤ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከአይቲ ብቻ ላይመጣ ይችላል።

ነፃ መስመር
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡00

ሰኞ ዕለት የሰጠሁትን ምክር አርማለሁ። መስመሩ እየተፈታ መሆኑ ሲረጋገጥ እኔ ያልኩት መንገድ ጠያቂዋን ለከፋ ነገር ይዳርጋቸው እንደነበር አያለሁ። ዜጋ በግል ስልኩ ላይ ቪፒኤን መጠቀም አለበት በሚለው አቋሜ ግን እጸናለሁ።

ማለዳ (ጥያቄ አቅራቢ)
በተከታዩ ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡25

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። የአይቲ ኃላፊው ጠርተው አነጋግረውኛል። ፍተሻው መኖሩን አልካዱም፤ የባንክና የጤና ገጾች እንደማይፈቱም ነገሩኝ። መዝገቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ግን እስካሁን በጽሑፍ አልተመለሰልኝም፤ ለሰው ኃይል ክፍል በድጋሚ ጽፌያለሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ለሁሉም ሠራተኛ የወጣ ማስታወቂያ የብሮውዘር ቪፒኤን የጫነ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያነሣ ያዝዛል፤ ባልደረባዬም አንሥቷል፤ ተጠያቂ የሆነ ሰው የለም።

በሥልጠና ክፍሉ ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር በእንግዳ መስመር ላይ ተያይዟል፤ ከ6፡00 እስከ 7፡30 ክፍት ነው። ትናንት ሰርተፊኬቱን አይቼ የጉግል መሆኑን አረጋገጥሁ፤ በግል መስኮት ከፍቼ ቅጹን ሞላሁ፤ ትራንስክሪፕቱንና ሁለቱን የድጋፍ ደብዳቤዎች አያይዤ ላክሁ። ዩኒቨርሲቲው መቀበሉን የሚገልጸው መልስ ዛሬ ጠዋት በስልኬ ደርሶኛል፤ ቀኑ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ከአካውንቴ ወጥቼ መስኮቱን ዘግቼ ስነሣ ከኋላዬ አራት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ሁለተኛ ማሽን እንዲጨመር የሚጠይቀውን ደብዳቤ አሁን አብረን እየጻፍን ነው።